በፊልም ጎራዴ የሚመታው ጎራዴን ነው

ማታ፣ መግሪብ ከተሰገደ በኋላ፣ ጅማ ውስጥ አንዱን የሰፈር መንገድ ይዞ የሚሄድ ሰው ከየመስኮቱ የሚወጣውን ድምፅ ሰምቶ ብቻ ቤተሰቡ ምን እያየ እንደሆነ መናገር ይችላል። ፈረስ ይጋልባል፤ አንዱ በቱርክኛ ይፎክራል፤ ቀጥሎ «ሽንንንግ!» የሚል የብረት ድምፅ ይመጣል። ከዚያ ለደቂቃዎች ኳ፣ ቀጭ፣ ኳ፣ ቀጭ ነው። ጀግናውን አሥራ አምስት ሰው ይከበዋል፤ አሥራ አምስቱም ተራቸውን ጠብቀው አንድ በአንድ እየመጡ ይወድቃሉ።

በማግስቱ የሰፈር ልጆች የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ይዘው ያንኑ ይደግሙታል። ልብ ብሎ ላያቸው አንዱም የሌላውን ጭንቅላት ወይም እጅ አይፈልግም፤ ሁሉም የሚመቱት ዱላውን ነው። ብልሆች ናቸው፤ ሰው ፈንክተው ቤት ቢገቡ ምን እንደሚጠብቃቸው ያውቃሉ። የፊልም የጎራዴ ውጊያም የተሠራው በዚሁ ሕግ ነው፦ ጎራዴ ጎራዴን ይፈልጋል። በታሪክ የነበረው ጎራዴ ግን የሚፈልገው ሰውን ነበር፤ ጎራዴውን የያዘው ሰው ደግሞ ከምንም በላይ የሚፈልገው በሕይወት ቤቱ መመለስን ነበር። ልዩነቱ ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

የፊልሙን ወገን እናስቀድም፤ ያለ ምክንያት አይዋሽምና። እነዚህን ትዕይንቶች የሚያቀናብር ራሱን የቻለ ባለሙያ አለ። ኃላፊነቱ ተዋናዩ ጣቱ ሳይቆረጥ ማታ ቤቱ እንዲገባ ማድረግ ነው፤ ተመልካቹም የሆነውን በግልጽ ማየት አለበት። ስለዚህ ምቱ ሰፊ ይሆናል፤ ክንድ ወደ ኋላ ተለጥጦ ከሩቅ «መጣሁ» እያለ ይመጣል። የሚያርፈውም ከተዋናዩ ሰውነት ራቅ ብሎ፣ ባላጋራው ጎራዴውን ይዞ በሚጠብቅበት ቦታ ላይ ነው። መሣሪያው ብዙ ጊዜ ስለት የሌለው አሉሚኒየም ነው፤ መውደቅና መንከባለል ያለበት ቀረጻ ላይ ደግሞ ላስቲክ ይሆናል። ድምፁ ኋላ ስቱዲዮ ውስጥ ይጨመራል። ልማዱ ከቴአትር መድረክ የወረደ ነው፤ እዚያም የመጨረሻው ረድፍ ላይ የተቀመጠ ሰው ማየት ነበረበት።

እውነተኛው ጎራዴ ያዥ ተቃራኒውን ነው የሚፈልገው። ምቱ እንዳይታይበት ይፈልጋል። እጁ ካለበት ቦታ፣ ባጭሩ፣ ሳያስታውቅ ይሰነዝራል። ከመሰንዘሩ በፊት ግን ረጅም ጊዜ ያልፋል፤ ምናልባት ስክሪን ላይ በፍጹም የማናየው ይህ ጊዜ ነው። ስለታም ብረት የያዙ ሁለት ሰዎች ሲገናኙ መጀመሪያ የሚለኩት ርቀትን ነው። አንድ እርምጃ ከቀረብኩ ይደርስብኛል፤ አንድ እርምጃ ከራቅኩ አልደርስበትም። ያ አንድ እርምጃ ሕይወትና ሞት ነው። ስለዚህ ይዞራሉ፣ ጫፍ ለጫፍ ይፈታተናሉ፣ አንዱ እንዲሳሳት ይጠብቃሉ። አንዱ ሲገባ ነገሩ በሁለት በሦስት እንቅስቃሴ፣ በጥቂት ሰከንድ ያልቃል። ሰውየው ፈሪ ስለሆነ አይደለም የሚጠብቀው። የማይፈራው ቀድሞ ሞቷል።

መምታት ያን ያህል ከባድ አይደለም፤ ከባዱ ሳይመቱ መምታት ነው። ፊልም ላይ ጎራዴ ሆዱ የገባበት ሰው ዓይኑን አፍጥጦ ይወድቃል፤ ትዕይንቱ ያበቃል። የሰው ገላ ግን እንዲህ አይሠራም። ልቡ የተመታ ሰው እንኳ አንጎሉ ውስጥ የቀረው ኦክስጅን ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ድረስ ሊያቆመው ይችላል። በ10 ሰከንድ ውስጥ ደግሞ የተቆጣ ሰው ብዙ ጎራዴ ይሰነዝራል። ስለዚህ የድሮ አስተማሪዎች ከምቱ እኩል፣ አንዳንዴም ከምቱ በላይ የሚጨነቁት መትቶ እንዴት እንደሚወጣ ነበር። ጎራዴውን ሰክቶ ለባላጋራው የመጨረሻ ንግግር የሚያደርግ ጀግና፣ ንግግሩን ሳይጨርስ አብሮ ይወድቅ ነበር።

ይህን የምናውቀው በግምት አይደለም። አውሮፓ ውስጥ የጎራዴ አስተማሪዎች የጻፏቸውና ያሳሏቸው የብራና መጻሕፍት ተርፈዋል። ከተገኙት ሁሉ አሮጌው ዛሬ በእንግሊዝ አገር ሊድስ ከተማ ሮያል አርመሪስ ሙዚየም ውስጥ አለ፤ 700 ዓመት ገደማ ሆኖታል። የሚገርመው አስተማሪው ቄስ ነው። ቄሱ ለተማሪው ሰይፍና ትንሽ ክብ ጋሻ አስይዞ ያስተምራል፤ መጨረሻው ገጾች ላይ ደግሞ ቫልፑርጊስ የምትባል ሴት ሰይፍ ይዛ ትታያለች። ሥዕሎቹን ገጽ በገጽ ያየ ሰው ትንሿ ጋሻ የት እንዳለች ይመልከት፤ አብዛኛውን ጊዜ ሰይፍ የያዘው እጅ አጠገብ ናት። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ወደ ባላጋራህ ስትሰነዝር መጀመሪያ የሚደርስለት እጅህ ነው፤ ደረትህ ገና ሩቅ ነው። በእውነተኛ ውጊያ ጣትና ክንድ የመጀመሪያው ዒላማ ነበር። ፊልም ላይ ግን እጁን የተመታ ጀግና አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1410 እ.ኤ.አ. አካባቢ፣ ፊዮሬ ዴ ሊቤሪ የሚባል ጣሊያናዊ አስተማሪ ከሌሎች መምህራን ጋር አምስት ጊዜ ስለታም ሰይፍ ይዞ እንደተጋጠመ ጽፏል። ጥሩር አልለበሰም፤ ከወፍራም ጨርቅ የተሰፋ ደረት መሸፈኛና የቆዳ ጓንት ብቻ ነበረው። እሱ እንደሚለው ብረት ለብሶ የሚጋጠም ሰው ብዙ ምት ተቀብሎም ሊያሸንፍ ይችላል፤ በስለታም ሰይፍ ያለ ጥሩር የተጋጠመ ሰው ግን አንዴ መመከት ካቃተው አለቀለት። የፊልም ጀግኖች በአንድ ምሽት አርባ ጊዜ ይመክታሉ፤ ይህ ሰው ስለ አንዲቷ ነው የሚያወራው።

እዚህ ላይ ግን ነገሩን ማክረር አያስፈልግም። አንዳንድ የታሪክ አፍቃሪዎች «በእውነተኛ ውጊያ ጎራዴ ከጎራዴ ጋር በፍጹም አይነካካም» ይላሉ፤ ትክክል አይደለም። ብራናዎቹ ላይ ስለት ከስለት ይገናኛል፤ ሙዚየም ውስጥ ያሉ አሮጌ ጎራዴዎችም ስለታቸው ላይ የተሸረፈ ቦታ አላቸው። ልዩነቱ ከተገናኙ በኋላ ያለው ነው። ፊልም ላይ ይጋጫሉ፣ ይላቀቃሉ፣ ሁለቱም ዞር ብለው እንደገና ያጋጫሉ። የድሮው ተዋጊ ግን ብረቱ ከብረት ጋር ሲገጥም ወዲያው አያላቅቅም። በእጁ ያዳምጣል፤ ባላጋራው እየገፋ ነው ወይስ ላልቷል? ከገፋ፣ ጉልበቱን አሳልፎ በሌላ በኩል ይዞርበታል። ከላላ፣ ቀጥ ብሎ ይወጋዋል። ከተጠጉ ደግሞ ነገሩ ወደ ትግል ይቀየራል፦ የባላጋራን ክንድ መያዝ፣ በእጀታ ጫፍ ፊቱን መምታት፣ እግር መጥለፍ። የፊዮሬ ትምህርት የሚጀምረውም ከትግል ነው። ቆንጆ አይደለም፤ አቧራ ላይ የሚንከባለሉ ሁለት ሰዎች ናቸው።

ስለት ለማጋጨት እንዳልተሠራ የጅማ ገበሬ ይነገረኝ የሚል አይመስለኝም። ቡና ሥር የበቀለ አረም በገጀራ ሲመነጥር ድንጋይ የመታ ሰው ቀሪውን ቀን በሞረድ ሲያሳልፍ ይውላል። ጎራዴም ብረት ነው። ጠርዙ ቀጭን የሆነው ሥጋና ልብስ እንዲቆርጥ ነው፤ ስድሳ ጊዜ ከሌላ ብረት ጋር ቢላተም መጋዝ ሆኖ ይቀራል።

ክብደቱም ሌላው ዓይን ያወጣ ውሸት ነው። ጀግናው ከባድ ሰይፉን በሁለት እጁ እያቃሰተ ያነሳል፤ ጓደኞቼም አሥር ኪሎ፣ አሥራ አምስት ኪሎ ይሆናል እያሉ ሲከራከሩ ሰምቻለሁ። በሙዚየም የተመዘኑ የመካከለኛው ዘመን አውሮፓ የአንድ እጅ ሰይፎች ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 1.3 ኪሎ ናቸው። በሁለት እጅ የሚያዘው ረጅሙ ሰይፍ ከ1.2 እስከ 1.6 ኪሎ ይደርሳል። ለጦር ሜዳ የተሠራው ግዙፉ ዓይነት እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ከ3.5 ኪሎ አያልፍም። የጃፓኑ ካታናም በዚሁ ክልል ውስጥ ነው። ከዚያ የከበደ ጎራዴ ሰነዘርከው ማለት አንተን ይዞህ ሄደ ማለት ነው፤ እስክትመልሰው ደግሞ ባላጋራህ ሥራውን ጨርሷል። አንጥረኞቹ ብረቱን ወደ ጫፉ እያሳሱ፣ ክብደቱን ወደ እጀታው እየሰበሰቡ ነው የሚሠሩት።

ይህን በእጄ ያየሁት ጅሬን ነው፤ ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ብዙም በማይርቅ አንድ ቤት ውስጥ ከግድግዳ ላይ የተሰቀለ ጎራዴ አለ። እጀታው የአውራሪስ ቀንድ ነው፤ አፎቱ ቆዳ ሆኖ ጫፉ ላይ ነሐስ ተደርጎበታል።

«አባባ፣ ትንሽ ልያዘው?»

«ያዘው ልጄ። ብረቱን ግን በጣትህ እንዳትነካ፤ ላብ ያዝገዋል።»

አወጣሁት። ምንም ድምፅ የለውም። ቆዳ ላይ ብረት ሲንሸራተት የሚሰማ ሹክሹክታ እንጂ ያ «ሽንንንግ» የለም፤ አፎት ብረቱን ካፋጨ ስለቱን እየበላው ነውና። አንድ ኪሎ እንኳ የሚሞላ አልመሰለኝም። እጀታው አጠገብ የደበዘዘ የላቲን ፊደል ተቀርጾበታል። በ19ኛውና በ20ኛው ክፍለ ዘመን አገራችን የነበሩ ብዙ የጎራዴ ብረቶች ከአውሮፓ፣ በተለይም ከጀርመኗ ዞሊንገን ከተማ የመጡ ነበሩ፤ እዚህ ከደረሱ በኋላ እጀታና አፎት ተሠርቶላቸዋል። ሽማግሌው በዘይት የራሰ ጨርቅ አምጥተው ብረቱን ወለወሉት፤ መልሰው ሲሰቅሉትም «አባቴ ይህ ለፈረሰኛ ነው፣ እግረኛ ጦር ይሻለዋል ይል ነበር» አሉ።

እዚህ ንግግር ውስጥ ፊልም ሠሪዎች የሚያልፉት ትልቅ ነገር አለ። ጎራዴ በአብዛኛው ዓለም የመጀመሪያው መሣሪያ አልነበረም። እነዚያ ተከታታይ ድራማዎች የሚያሳዩት የ13ኛው ክፍለ ዘመን አናቶሊያ ቱርክ ፈረሰኛ፣ ባላጋራውን ያስጨነቀው በጎራዴ ሳይሆን ከእንጨት፣ ከቀንድና ከጅማት በተሠራ ቀስት ነው። የጃፓን ሳሙራይም ለብዙ መቶ ዓመታት ስሙ የገነነው ፈረስ ላይ ሆኖ በሚያስፈነጥረው ፍላጻ ነበር፤ በኋላ ረጅም ጦር መጣ፤ ከ1543 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ ፖርቱጋሎች ይዘውት የመጡት ጠብመንጃ። የአውሮፓ ባላባት በፈረስ ላይ የሚገባው ረጅም ጦር ይዞ ነው። ጎራዴ ከወገብ የማይለይ ሁለተኛ መሣሪያ ነው፤ ጦሩ ሲሰበር፣ ፍላጻው ሲያልቅ፣ ወይም ሰው በጣም ሲጠጋ ይመዘዛል። ከወገብ ስለማይለይ ግን የማዕረግ ምልክት ሆነ፣ ተዘፈነለት፣ ፊልም ተሠራለት። ጦር ያለ ዕድሉ ቀረ። ጦር ለካሜራም አይመችም፤ ሁለት ሰዎች ተራርቀው ስለሚቆሙ የሁለቱን ፊት አንድ ላይ አቅርቦ ማንሳት አይቻልም።

ጎራዴን ከጀርባ መምዘዝንም በአንድ ዓረፍተ ነገር እንለፈው፦ 90 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ብረት ከጀርባ ላይ ካለ ሙሉ አፎት ለማውጣት ክንድህ ከዚያ መርዘም አለበት፤ አይረዝምም።

ጥሩርና የብረት ልብስ ላይ ግን ትንሽ እንቆይ። ፊልም ላይ የብረት ልብስ የሚጠቅመው ለጌጥ ነው፤ ጀግናው አንዴ በአግድም ሲሰነዝር ሦስት ወታደር ከነብረቱ ይቆረጣል። ጎራዴ ብረት አይቆርጥም። ከቀለበት የተሠራ ጥሩር እንኳ ተራ የስለት ምትን ያከሽፋል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ሙሉ የብረት ልብስ የለበሰን ሰው በሰይፍ ለመግደል ስልቱን መቀየር ግድ ነበር። አንድ እጅ እጀታው ላይ፣ ሌላው እጅ ብረቱ መሀል ላይ ይሆንና ሰይፉ አጭር ጦር ሆኖ በብብት፣ በፊት መሸፈኛው ቀዳዳ፣ በጉልበት ጀርባ ክፍተት ይፈለግበታል። አለዚያም ሰይፉን ገልብጦ፣ ብረቱን በሁለት እጅ ጨብጦ፣ በእጀታው ራስ መቀጥቀጥ ነው። ስለታም ብረት በባዶ እጅ መያዝ እብደት ይመስላል፤ አጥብቆ የያዘና እጁን ያላንሸራተተ ሰው ግን አይቆረጥም፣ ብራናዎቹም ደጋግመው ያሳዩታል። የብረት ልብሱም ቢሆን ከ15 እስከ 25 ኪሎ ነው፤ ክብደቱ በመላ ሰውነት ላይ ስለሚከፋፈል የለበሰው ሰው ይሮጣል፣ ወድቆም ይነሳል። የራስ ቁርን ግን ማንም ልባም ሰው አያወልቅም ነበር። ተዋናዮች የሚያወልቁት ፊታቸው እንዲታይ የተከፈላቸው ስለሆኑ ነው።

አፅም ደግሞ አይዋሽም። በ1361 እ.ኤ.አ. ዛሬ የስዊድን በሆነችው ጎትላንድ ደሴት፣ ቪስቢ ከተማ አጠገብ፣ የዴንማርክ ንጉሥ ጦር የደሴቲቱን ገበሬዎች ፈጃቸው። ከጅምላ መቃብሮቹ ከ1,100 በላይ አፅም ወጥቷል። በስለት ከተቆረጡት አጥንቶች እጅግ ብዙዎቹ የቅልጥም አጥንቶች ናቸው። ጋሻው ደረትን ይሸፍናል፣ ጥሩሩ ወገብን ይጠብቃል፣ ከጉልበት በታች ግን ባዶ ነው፤ ስለዚህ እግር ይመታል። ከመቶ ዓመት በኋላ በ1461 እንግሊዝ አገር ቶውተን ላይ በተደረገው ጦርነት የሞቱ ሰዎች መቃብር በ1996 እ.ኤ.አ. ለግንባታ ሲቆፈር ተገኘ፤ ወደ 40 የሚጠጉ ሰዎች ናቸው። እነዚህ ደግሞ የተመቱት ጭንቅላታቸውን ነው፤ አንድ ራስ ቅል ላይ ብዙ ምት ያረፈበት አለ። ብዙ ተመራማሪዎች እነዚህ ሰዎች የራስ ቁራቸውን ጥለው ሲሸሹ ወይም ከተያዙ በኋላ ተገድለዋል ብለው ያስባሉ። ከመካከላቸው አንዱ ከዚያ በፊት በሌላ ጦርነት መንጋጋው ክፉኛ ተቆርጦ፣ ቁስሉ ድኖ፣ እንደገና ወደ ጦርነት የመጣ ሰው ነው። ፊልም ሠሪ ብሆን የማነሳው እሱን ነበር።

ቶውተን የሚያሳየን ፊት ለፊት ከሞተው ይልቅ ነፍሴ አውጪኝ ብሎ ጀርባውን ሰጥቶ የሮጠው በብዛት ማለቁን ነው። ሰልፍ እስካልተበተነ ድረስ ሰው ከጎኑ ባለው ጋሻ ተከልሎ ይቆማል፤ ሰልፉ ሲፈርስ ፈረሰኛው ይደርስበታል። ፊልም ላይ ግን ሁለቱ ሠራዊቶች ገና ሲገናኙ ይደባለቃሉ፤ ሁሉም በየፊናው ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይጋጠማል፤ ከኋላ ሊወጋው የሚችል ሰው እንዳለ የሚጨነቅ የለም። ከቆሰሉትም ብዙዎች እዚያው አይሞቱም። የሆድ ቁስል የተመረዘበት ሰው ቀናት ቆይቶ፣ ድንኳን ውስጥ፣ በትኩሳት ያልቃል። ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ሊመጣ ገና አምስት መቶ ዓመት ገደማ ይቀረው ነበር። ይህን የሚያውቅ ገዥ ጎራዴውን ከመምዘዙ በፊት ሁለት ጊዜ ያስባል፤ ዳግማዊ አባ ጅፋርም ለምኒልክ ግብር ከፍሎ የጅማን የውስጥ አስተዳደር በእጁ ያቆየው በዚህ ዓይነት ስሌት ይመስለኛል።

የራሳችንን ታሪክ በፊልም ለማሳየት የሚነሱ ወጣቶች አሉ፤ ደስ ይላል። ስጋቴ የኢትዮጵያን ተዋጊ ግራ እጁን ባዶ አድርገው፣ ጎራዴ አስይዘው፣ እንደ ቱርኩ እንዳያሽከረክሩት ነው። የእኛ ሰው ግራ እጁ በጋሻ የተያዘ ነው፤ ጋሻው ከጎሽ ወይም ከጉማሬ ቆዳ የተሠራ፣ መሀሉ ያበጠ ክብ ነው። ሾተሉ፣ ያ እንደ ማጭድ የጎበጠው ሰይፋችን፣ ያን ያህል የቆለመመውም ባላጋራው ከዚያ ጋሻ ጀርባ ስለተሸሸገ ነው፤ ቀጥ ያለ ሰይፍ ቆዳው ላይ ያርፋል፣ ሾተል ግን ጋሻውን በጎኑ ወይም በላዩ ዞሮ ጫፉን ወደ ውስጥ ይልካል። እንዲህ ያለ መሣሪያ ከባላጋራ ሾተል ጋር ኳ ቀጭ እያለ ሊውል አይችልም፤ ቅርጹም አይፈቅድለትም። የድሮ ተጓዦች ደጋግመው የመዘገቡት ሌላም ነገር አለ፦ የእኛ ሰው ሾተሉንም ጎራዴውንም የሚታጠቀው በቀኝ ጎኑ ነበር፤ አውሮፓዊው በግራ ይታጠቃል። ተዋናይን ይህን ማስያዝ ተጨማሪ ወጪ የለውም። ጋሻው በግራ፣ አፎቱ በቀኝ ጎን፣ ጦሩ ከፊት፤ ሾተሉ የሚመዘዘው ጦሩ ከእጅ ከወጣ በኋላ ነው።